በእናታችን ቦታ የተጻፈ ስም

የካቲት 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ዘቢደር፣

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ፣ መስመሩም ሽቅብ ቢወጣ አትሳቂብኝ፤ ያስቆጠርሽኝ አንቺው ነሽ። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ አንቺ የአሥራ ስምንት ዓመት አስተማሪ፣ እኔ የሠላሳ አምስት ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ ከሥራነሽ ጎን አግዳሚው ላይ ተኮራምቼ፣ «ጋሼ፣ ይችን እንደገና ድገማት» ስትዪኝ መንደሩ ሁሉ ሲስቅ ትዝ ይልሽ ይሆናል። ሥራነሽ ከእኔ ቀድማ ፊደል ለየች። እኔ ዛሬም ቶሎ ሲነበብብኝ ይምታታብኛል። ማመልከቻ ጸሐፊ አጥቼ አይደለም፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው የተቀመጡ ሦስት አሉ። ግን ስምሽ በሌላ ሰው ብዕር እንዲጻፍ አልፈለግሁም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

እንደምን ከረምሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልጠየቀ ሰው ዛሬ ተነሥቶ እንደምን ከረምሽ ቢል ምን ያምርበታል። ዝም ብዬ ወደ ነገሩ ልግባ።

አንቺ ስትሄጂ ያልነበረ ወፍጮ አለኝ። ሥራነሽና እኔ በ1985 በሬዎቻችንን ሸጠን ከደብረ ማርቆስ በጭነት መኪና አምጥተን፣ ወደ ጉንደ ወይን በሚወስደው መንገድ ዳር የተከልነው ነው። እሷ ሚዛኑን ትይዝ ነበር፣ እኔ ሞተሩንና ድንጋዩን። በ1999 ካረፈች ወዲህ ሁሉንም እኔው ይዣለሁ። ልጅ አልሰጠንም፤ ይህን ሰምተሽ ይሆናል። በቤቴ ድምፅ ያለው ነገር ያ ሞተር ብቻ ነው። ጠዋት አስነሥቼው ማጓራት ሲጀምር ያን ጊዜ ነው ነጋ የምለው። ሰው ቅጠር ይሉኛል። ድንጋዩን እንደ እኔ ማን ይወቅረዋል? ሲዶለዱም ፈትቼ አወርደዋለሁ፣ ፊቱን በመዶሻ እየነቀስኩ አሾለዋለሁ፣ መልሼ እሰቅለዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ድንጋይ ስወቅር የጣቶቼ ጫፍ ልሙጥ ሆኗል፤ መስመር የሚባል አልቀረበትም።

ይህ ወፍጮ ሊታሸግብኝ ነው። ቀን ተቆርጦለታል፤ መጋቢት 15።

ነገሩ የጀመረው በ2003 ነው። ግብር ቢሮው ነጋዴውን ሁሉ፣ ጠላ ከምትሸጠው እስከ ብረት ነጋዴው፣ ለምዝገባ ጠራ። ቲን የሚሉት ቁጥር አለ፤ እሱ የሌለው ሰው ፈቃድ አይታደስለትም ተባለ። ሄድኩ። ሰልፉ ከበሩ አልፎ እስከ ሾላው ድረስ ነበር። ተራዬ ሲደርስ የምትመዘግበው ትሕትና የምትባል ልጅ ናት፤ ሰው አክባሪ፣ «አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ» የምትል። ፎቶ አነሣችኝ። ከሥራ ስለሄድኩ ቅንድቤ ላይ ዱቄት ነበር፣ አልጠረግሁትም። አሥሩንም ጣቴን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ አስጫነችኝ። መሣሪያው አላነብ አለ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችልኝ፣ አሁንም እምቢ። «አባባ፣ አሻራዎትን ማን ወሰደው?» ብላ ሳቀች። በስንት መከራ አውራ ጣቴን ያዘላት፤ የቀረውን አለፈችው።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ የሚስት ስም፣ በሕይወት አለች ወይስ የለችም። ሁሉንም ነገርኳት። ቀጥላ የእናት ስም አለችኝ።

ዘቢደር፣ እናታችን እንዴት አድርጋ እንዳሳደገችን አንቺ ታውቂያለሽ። የእናቱን ስምና የክርስትና ስሙን የያዙበት ሰው ነፍሱን በሰው መዳፍ ላይ እንዳስቀመጠ ነው ትለን ነበር። ገበያ ላይ እንኳ የቢተው ባለቤት ይሏት ነበር እንጂ በስሟ የጠራት አልነበረም። ውኃ ስንቀዳ እንግዳ ሰው «የማን ልጅ ናችሁ?» ካለን የአባታችንን ስም ሰጥተን እንሮጥ ነበር። አንቺ ተማርሽ፣ ምናልባት ትተሽው ይሆናል። እኔ አልተውኩም። ስለዚህ ልጅቷን እሱን እለፊው አልኳት።

«አባባ፣ ባዶ ከተውኩት ኮምፒውተሩ አያሳልፈኝም» አለችኝ። ከኋላዬ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ፣ ሽማግሌው እናቱን ረሳ መሰለኝ ሲል ሰማሁ። እሺ፣ የማንንም ስም ሰጥቼ ልገላገል ብዬ አፌን ብከፍት የወጣው ስምሽ ነው።

ዘቢደር አልኳት። ከ1976 ጀምሮ አንድ ቀን ከአፌ ያላወጣሁት ስም። ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ነካካችው፣ ተጻፈ። እኔ ገና ከድንጋጤዬ ሳልመለስ «ወንድም ወይም እህት አለዎት?» አለችኝ።

«የለኝም» አልኩ።

በአንድ መቀመጫ፣ በአንድ ትንፋሽ። ስምሽን በእናታችን ቦታ አስቀምጬ አንቺን ካድኩ። ከዚያ ችግር ሲገጥመኝ የሚጠራልኝ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የንስሐ አባቴን መምሬ ዓለምነውን ሰጠኋት፣ ከነስልካቸው። ወጣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አልሆነም፤ እኔም ግብሬን እየከፈልኩ ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ ለሞተሩ ቺንጋ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ሦስት ቀን ቆይቼ ተመለስኩ። በተመለስኩ ማግስት ቀትር ላይ መምሬ ዓለምነው ሞተሩ መነሣቱን ሰምተው በዚያ ጭቃ በእግራቸው መጡ። በቅሏቸውን አላየሁም። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው በሩ ላይ ቆሙና አዩኝ፤ ከዚያ እህል ጆንያው ላይ ቁጭ አሉ።

«አልሞትክም?» አሉኝ።

ምን ሆኜ ልሙት አባ ብላቸው፣ ነገሩን ቀስ እያሉ አወጡት። ስልክ ተደውሎላቸዋል። ደዋዩ አዲስ አበባ ካለ ሆስፒታል ነኝ ይላል። ጀምበሩ ቢተው የሚባሉ ባለወፍጮ፣ የሰባ ዓመት ሰው፣ ሚስታቸው ሥራነሽ የሞተችባቸው፣ መንገድ ላይ ወድቀው ተገኝተው እዚህ ተኝተዋል፤ ከኪሳቸው የተገኘው የእርስዎ ስልክ ቁጥር ነው፤ አሁኑኑ ካልታከሙ ያልፋሉ፤ ደግሞ «ዘቢደር፣ ዘቢደር» እያሉ ይጣራሉ ብሏቸዋል። አታላዩ እናቴን የምጣራ አስመስሎ ነው የፈጠረው፤ የምዝገባው ወረቀት ላይ ያየው እንደዚያ ነው። መምሬ ግን እውነቱን ያውቃሉ። አንቺን ያጠመቁሽ እሳቸው ናቸው።

«ሌላ ሌላውን ቢልማ አላምነውም» አሉኝ። «ያን ስም ግን አንተ በጤናህ አትጠራውም። ነፍሱ ልትወጣ ነው አልኩ። በቅሎዋን በዚያው ቀን ሸጥኩና ገንዘቡን ላክሁለት።»

እከፍልዎታለሁ አልኳቸው፣ አፈርኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጀምበሩ፣ በቅሎዬን የሸጥኩት አንተን ለማዳን ብቻ አይምሰልህ። ስሟን ስለጠራህ ደስ ብሎኝ ነው።»

ይህን ብለው ተነሥተው ሄዱ። በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዛሬም በእግራቸው ነው ቤተ ክርስቲያን የሚወጡት። ባየኋቸው ቁጥር ወደ ወፍጮው ውስጥ እገባለሁ።

ያን ቀን ሞተሩን አጥፍቼ አሰብኩ። ያንን ስም በእኔ አፍ ሲጠራ የሰማች አንዲት ጆሮ ናት፤ የዚያች ልጅ። ትሕትናን ረገምኳት። ዛሬ ስነግርሽ አፍራለሁ፤ ልጅቷ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራ ሁለት ዓመት አልፏታል፣ የምታውቀውም ነገር የለም። ያኔ ግን ማን ይንገረኝ።

ጥቅምት ላይ ከግብር ቢሮው ደብዳቤ መጣ። መምሬ አነበቡልኝ፤ ማንበብ አቅቶኝ ሳይሆን፣ ያነበብኩትን አላምን ብዬ። እኔ ጀምበሩ ቢተው አዲስ አበባ ውስጥ የሕንፃ ብረትና ሲሚንቶ አከፋፋይ ነኝ። በቁጥሬ ደረሰኝ ታትሟል፣ ደረሰኙ ለስንት ድርጅት ተቆርጧል፣ ግብሩ ግን አልተከፈለም። የተባለውን ገንዘብ እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈውም የዜሮውን ብዛት እሳሳታለሁ። ይህን ወፍጮ መቶ ጊዜ ቢሸጡት አይሞላም።

ሄድኩ። አሁን ያለው ኃላፊ አቶ ተስፋዓለም ይባላል፤ ከደብረ ኤልያስ በኩል የመጣ የሰው ልጅ ነው፣ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ፤ ውክልና ነው። እኔ ለማላውቀው ሰው በስሜ እንዲነግድ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቻለሁ ይላል። ፎቶዬ አለበት። ቅንድቤ ላይ ያለው ዱቄት ሳይቀር።

«ተጭበረበርኩ ይላሉ» አለኝ፤ «ግን ይዩት፣ የእናትዎ ስም ሳይቀር አለበት። ወይዘሮ ዘቢደር። ይህን ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃል?»

ያ የእናቴ ስም አይደለም አልኩት። ኮምፒውተሩን አዞረልኝ፤ እኛም ዘንድ የተመዘገበው ይኸው ነው አለ። በሩን ዝጋው አልኩት። ዘጋው። ጠጋ ብዬ የእናታችንን ስም በጆሮው ነገርኩት። የአገር ልጅ ነውና ገባው፤ እስክጨርስ አንገቱን ደፋ፣ ብዕርም አላነሣ። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ የቢሮ ፊት ሆነ። እንግዲያው በ2003 ለመንግሥት ሐሰተኛ መረጃ ሰጥተዋል፤ ይህም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው አለኝ።

«አዎ፣ ዋሽቻለሁ» አልኩት። «ግን አስተውል። ያን ውሸት ቤተ ክርስቲያን አያውቀውም፣ ቀበሌ አያውቀውም፣ ቤቴም ውስጥ የለም። በዓለም ላይ የተጻፈው አንድ ቦታ ነው፤ በዚህ ሣጥንህ ውስጥ። ሌባው ወረቀት ላይ ከተገኘ፣ ሌባው የወሰደው ከዚህ ነው።»

መስኮት መስኮቱን አየ። ቀስ ብሎ፣ አባት ይህን ንግግር ከዚህ ክፍል ባያወጡት ይሻላል አለኝ። ለማን እንደሚሻል አልነገረኝም።

እየተነጋገርን መብራት ጠፋ። እዚያ ቢሮ መብራት በሳምንት ሦስት ቀን አለ ቢባል ነው። ከወዲያኛው ክፍል አንድ ጸሐፊ ወጣ፤ ፍላሽ የሚሏትን ትንሽ ነገር በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏታል። ለእኔ የሚሰጠውን ደብዳቤ አሳትሞ እንዲመጣ ተላከ። የት እንደሚሄድ ልየው ብዬ ተከተልኩት። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ጄኔሬተር ካለው ከምናለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ።

ምናለን አውቀዋለሁ፤ የእናቱን ጤፍ የምፈጭላት እኔ ነኝ። ጸሐፊው ደብዳቤውን አሳትሞ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ አንተ ዘንድ ነው ወይ የሚያሳትሙት አልኩት። መብራት በጠፋ ቁጥር አለኝ፤ የምዝገባው ጊዜ እንኳ የከተማው ቅጽ ሁሉ የታተመው እዚህ ነው አለ፣ እንደ መኩራራት ብሎ። እና ያ ሁሉ ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል ብለው፣ «የት ይሄዳል? አለ እንጂ» ብሎ ነካ ሲያደርገው ተከፈተ።

እህቴ፣ እዚያ የኮምፒውተር መስታወት ላይ ከተማው በሙሉ ተሰልፏል። ፎቶ፣ ስም፣ ስልክ፣ ቤት ቁጥር፣ ሚስት፣ ባል። እኔም ከነዱቄቴ አለሁ። ልብስ ሰፊው፣ ፍየል ነጋዴው፣ ጠጅ ቤቷ ደብሪቱ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የእናቱ ስም። ሰው ለልጁ ሚስት እንኳ የማይነግረውን ስም፣ ሻይ የያዘ ሁሉ ሊያየው ተዘርግቷል። ዓይኔን መለስኩ። የደብሪቱን እናት ስም ማወቅ አልፈለግሁም፤ አሁን ግን አውቄዋለሁ፣ ልረሳው ብል አልሄድ አለኝ።

ማን ማን ወስዶታል አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ አባባ» አለ ምናለ። «ሰው ሲበዛብኝ ራሳችሁ ገብታችሁ አትሙ እላለሁ። ፍላሹን ሰክቶ የፈለገውን ይዞ የሚሄድ አይጠፋም። ማጥፋቱን እረሳዋለሁ። አሁን ላጥፋልዎት?»

የእኔን ብቻ ሊያጠፋልኝ ነው። ልጁ ሌባ አይደለም፤ ሊዋሸኝም አልሞከረም። ማን ይጠየቅ? ወደ ተስፋዓለም ተመልሼ ያየሁትን ነገርኩት። ነገ ይታረማል አለኝ። ነገ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

አሁን ያለሁበትን ልንገርሽ። ፈቃዴን ልመልስ፣ ወፍጮውን ልዝጋው አልኩ፤ ዕዳ ያለበት ሰው መዝጋት አይችልም ተባልኩ። ልሽጠው አልኩ፤ ከግብር ዕዳ ነፃ ነው የሚል ወረቀት ከሌለ አይሸጥም። ልክሰስ አልኩ፤ ማንን? ውክልናውን ያወጣው ሰው ስሙ እንኳ እውነት አይደለም፣ የሚገኘውም እኔ ነኝ። አሻራዬን ወስዳችሁ ከሰውዬው አስተያዩት አልኩ፤ መሣሪያውን አመጡ፣ ጣቴን አላነብ አለ። አውራ ጣቴም ከ2003 ወዲህ ለስልሷል። ድንጋይ ወቅሬ የኖርኩበት እጄ ራሱ አልመሰክርልህም አለኝ። ሥራ ልሥራ ብል ደግሞ፣ እህል የሚያስፈጨው ሰው እንደ ድሮው አያየኝም። ሽማግሌው አዲስ አበባ ሕንፃ አለው አሉ የሚል ወሬ ወጥቷል። አንዲት ሴት ሚዛኑ ላይ ቆማ «ጋሽ ጀምበሩ፣ እንዲህ ሀብታም ሆነው ለኛ ቅናሽ የለም?» አለችኝ። እየቀለደች ነው። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አንድ መንገድ ብቻ ከፈቱልኝ። በመዝገቡ ያለው የእናት ስም ሐሰት መሆኑን የሥጋ ዘመድ መጥቶ ካረጋገጠ፣ ያኔ ውክልናው ከመዝገቡ የተቀዳ መሆኑ ይታያል፣ ነገሩ ይመረመራል። መምሬ ዓለምነው እኔ እመሰክራለሁ ብለው በእግራቸው ሄደው ነበር። ቄስ የሥጋ ዘመድ አይደለም ብለው መለሷቸው። ከአንድ እናት የተወለደ፣ መታወቂያ የያዘ፣ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ስልኩን፣ አሻራውን፣ የእናቱን ስም እዚያው የሚያስመዘግብ። እስከ መጋቢት 15። ካልሆነ ወፍጮው ይታሸጋል፣ እኔም ለዓቃቤ ሕግ እተላለፋለሁ።

ከአንድ እናት የተወለደ ደግሞ በዚህ ምድር አንቺ ነሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ስምሽን በወረቀት ጽፌ፣ ሥራነሽ ስታርፍ የማጽናኛ መልእክት የላክሽበትን አድራሻ ከሥሩ ገልብጬ ሄድኩ። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁሽም፤ አድራሻውን ግን አልጣልኩትም፣ ከዳዊቷ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ተራዬን ጠብቄ ገባሁ።

«እህት አለኝ» አልኩት።

ተስፋዓለም ኮምፒውተሩን አየ። «የለኝም ብለዋል እኮ።»

«ዋሽቼ ነው። አለችኝ።»

ይህችን ቃል ስናገር ምን እንደተሰማኝ ልጽፍልሽ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ልተወው። ሰውዬው ደስ አለው፣ ወንበሩን አስጠግቶ ጣቶቹን አዘጋጀ። ስሟ ማን ነው አለ። ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። ያኔ በበሩ በኩል ያ ጸሐፊ አለፈ፤ ፍላሿ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላለች፣ ወደ መናኸሪያው መንገድ ይዟል። የዚያን ዕለት መብራት እንኳ አልጠፋም ነበር፤ ቀለም ያለቀባቸው መሰለኝ።

ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ስሟን አልሰጥህም» አልኩት።

አባት፣ ወፍጮዎ ይታሸጋል አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይታሸግ ብዬ ተነሣሁ። ጋቢዬን አስተካክዬ፣ ቀጥ ብዬ፣ ማንንም ሳላይ በሰልፉ መሃል አለፍኩ። ያወራሁት እስከዚህ ድረስ ነው ለሰው። ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ አጥሩን እንደታጠፍኩ ግንቡን ተደግፌ ብዙ ቆምኩ። የሚያልፍ ሰው ሲጠይቀኝ ጥላ ፈልጌ ነው አልኩ። ጥላውም በወዲያኛው በኩል ነበር።

እዚያ ወረቀት ላይ የጠራሁት ሰው ሁሉ ተነክቷል። መምሬ በቅሏቸውን አጡ። ሥራነሽን ከመቃብሯ አውጥተው ለማታለያ ተጠቀሙባት። አንቺ ብቻ ቀረሽ፣ ስለካድኩሽ። ይህን ለራሴ እንደ መልካም ሥራ አልቆጥረውም፤ የካድኩሽ በክፋት ነው። አሁን ግን በደኅና ተቀምጠሽ ያለሽበትን ቤት፣ የልጆችሽን ስልክ፣ እናታችን የደበቀችውን ስም ወስጄ በምናለ ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጥ? ወፍጮዬን ላድን ብዬ? እምቢ አልኩ። ልክ ነኝ ወይስ ግትርነቴ ነው፣ እሱን አንቺ ፍረጂ። ግትር ነህ ስትዪኝ ነበር።

ሌላም ያልነገርኩሽ አለ። አንቺ መምህር እንድሪስን አግብተሽ ስትሄጂ፣ የእስላም ሚስት የሆነች እህት የለችኝም ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ፤ ይህን ሰምተሻል። እናታችን በ1979 ስትሞት መርዶ እንዳይላክልሽ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ከአርባዋ በኋላ በወሬ እንደሰማሽ አውቃለሁ። ይህንንም ሳትጠረጥሪ አትቀሪም። የማታውቂው ግን ይህ ነው። ሦስት ቀን ስታጣጥር ሌላ ቃል አልነበራትም፤ ዘቢደር፣ ዘቢደር ትል ነበር። አስጠራታለሁ እያልኩ አታለልኳት። መጣች እንዴ ስትለኝ መንገድ ላይ ናት እላታለሁ። መንገድ ላይ ናት ብያት ሞተች።

ያቺ ልጅ የእናት ስም ስትለኝ ለምን ስምሽ ከአፌ እንደወጣ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እናት ሲባል ጆሮዬ የሚሰማው እሱን ነው።

ደብዳቤውን ደምለው ሹፌሩ በእጁ ያደርስልሻል፤ ያንቺን መልእክት ያመጣልኝ እሱ ነበር፣ ቤቱን በዓይኑ ያውቀዋል። ፖስታው ላይ ስምም ከተማም አልጻፍኩም። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው። ለምስክርነት አትምጪ፤ በዚያ ቢሮ ደጅ እንዳትታዪ። ስልክም እንዳትደውዪ።

መጋቢት 15 ጠዋት ሞተሩን ራሴ አጠፋዋለሁ። ማኅተም ይዘው ሲመጡ እየሠራ እንዲያገኙት አልፈልግም። ቁልፉን ከእጄ ይቀበላሉ። ዓቃቤ ሕግ እስኪጠራኝ ድረስ ምን ያህል እንደምቆይ አላውቅም፤ አንድ ወር ይሉኛል፣ ሁለትም ይሉኛል። በዚያ መሃል መምጣት ካልከበደሽ ነይ። ጥፋቱን በደብዳቤ አልጨርሰውም፤ ፊትሽን እያየሁ የምለው አለኝ፣ እዚያ ስደርስ ዝም ብል እንኳ አንቺ ታግሠሽ ጠብቂኝ።

እንድሪስንም ይዘሽው ነይ። የሚታረድ በግ አለኝ። የእሱ ሰው መጥቶ እንዲያርድለት ገበያ ውስጥ ቆዳ የሚነግዱትን ሐጂ ጠይቄ እሺ ብለውኛል፤ ድስቱንም ከእሳቸው ቤት እዋሳለሁ።

ወንድምሽ
ጀምበሩ